የቬኒር ካቢኔት በር እንዳይጎብጥ ምን ይደረግ (ከቦርድ መረጣ እስከ ማጠፊያ)

የካቢኔት በር ሲጎብጥ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው እንጨቱን ነው፣ ከዛ ማጠፊያውን፣ ከዛ አናጢውን። እኔ አናጢው ስለሆንኩ ወቀሳው በመጨረሻ ትክክለኛው ሰው ጋ እንደሚደርስ ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ።

እኔን ያስተማረኝን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ሐምሌ ላይ ለአንዲት እናት አራት የቁምሳጥን በር ሰራሁ፣ ቁመታቸው 2 ሜትር ከ10፣ ወርዳቸው 50 ሴንቲ፣ ውስጡ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሰራ ቦርድ)፣ ፊቱ የዋንዛ ቬኒር (ቦርድ ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ልጣጭ)፣ አራት እጅ ቫርኒሽ ጠጥቶ እንደ መስታወት የሚያበራ። ጀርባው ላይ ግን ቬኒር የለም፣ አንድ እጅ ቫርኒሽ ብቻ ቀጠን አድርጌ ነፋሁበት፣ ማን ያየዋል ብዬ። ጥምቀት ሲደርስ ስልክ ተደወለ፣ "ልጄ፣ በርህ ሆዱን ነፍቷል፣ ና እየው" አሉኝ። ሄድኩ። ስክሩ ላልቶ ይሆናል እትዬ ብዬ ማጠፊያውን ሳጠብቅ ቆየሁ፣ ምንም የለም፣ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቁመቱን ሙሉ ባስደግፍበት መሃሉ ላይ 7 ሚሊ ጎብጧል። አራቱንም በሮች በራሴ ወጪ ደግሜ ሰራሁ። ከዛ በኋላ ማን ያየዋል የሚለውን ነገር ትቻለሁ፣ ሰው ባያየውም አየሩ ያየዋል።

ነገሩ ምንድነው

እንጨት ከደረቀም በኋላ እርጥበት መሳብና መልቀቅ አያቆምም። የቤት ውስጥ አየር እርጥበት 65 ፐርሰንት አካባቢ ሲሆን እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 12 ፐርሰንት ያህል ውሃ ይዞ ይረጋጋል፣ አየሩ 30 ፐርሰንት ሲደርስ ደግሞ ውሃው ወደ 6 ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴና ጥር ምን ያህል እንደሚለያዩ ከንፈራችሁም ይነግራችኋል። ውሃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይሰበሰባል፣ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በቁመቱ ማለትም በክሩ አቅጣጫ ምንም አይንቀሳቀስም ቢባል ይቀላል፣ በወርዱ ግን ከእርጥብ እስከ ደረቅ ድረስ ከመቶ ብዙ ነጥብ ይሰበሰባል። ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀው ቦርድ) የእንጨት ዘር ናቸውና ከዚህ አያመልጡም፣ ትንሽ ይሻላሉ እንጂ።

እንግዲህ በር ማለት ፊትና ጀርባ ነው። ሁለቱ እኩል ካበጡ እኩል ከተሰበሰቡ በሩ ቀጥ እንዳለ ይኖራል፣ አንዱ ከሌላው በጥቂት ካነሰ ግን በሩ ወደተሰበሰበው ፊት ይጎብጣል። "በጥቂት" ስል እውነቴን ነው፣ በወረቀት ላይ አስሉት፦ በ2 ሜትር ከ10 በር ላይ የጀርባው ርዝመት ከፊቱ በግማሽ ሚሊ እንኳ ሳይሞላ፣ በ0.4 ሚሊ ብቻ ቢያንስ፣ 18 ሚሊ ውፍረት ያለው በር መሃሉ ላይ 6 ሚሊ ገደማ ይጎብጣል። በዛው ልክ የተሰበሰበ 70 ሴንቲ በር ግን 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ማንም አያየውም። ምክንያቱም ጉብጠቱ ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ አናጢ ሃያ ዓመት የኪችን ካቢኔት ሰርቶ ችግር ሳያይ መጀመሪያ የሰራው ቁምሳጥን ላይ የሚዋረደው፣ ጥፋቱ ሁሌም ነበረ፣ በሩ አጭር ስለሆነ ነው ሳይታይ የኖረው።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ፊቱን ያደረጋችሁትን ጀርባውንም አድርጉ ነው። ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሳናስበው የምናፋልስበት ቦታ ስላለ እሱን ነው የማሳያችሁ።

ቦርድ ስትገዙ

መርካቶ ቦርድ ስትገዙ ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን አትውሰዱ። ከላይ ያለው ቦርድ አንድ ፊቱ አየር ላይ፣ አንድ ፊቱ ሌላ ቦርድ ላይ ተኝቶ ነው የከረመው፣ ማለትም ከሱቁ ሳይወጣ ተፋልሷል። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆመ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። ሁለት ሦስቱን አስነስታችሁ ከመሃል አስወጡ፣ ሻጩ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ከዛ አንድ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አድርጋችሁ እንደ ጠመንጃ እየነጣጠራችሁ ጠርዙን እዩት።

ለቬኒር እኔ የምመርጠው 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ነው። ገጹ ልሙጥ ነው፣ ክር የለውም፣ ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ነው የሚሰራው። ክፋቱ ክብደቱ ነው፣ 18 ሚሊው በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ውሃ ደግሞ በጠርዙ በኩል እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው። ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብር ተጣብቆ የሚሰራው ቦርድ) ቀላልና ጠንካራ ነው ግን ርካሹ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ራሱ ጠምዝዞ ይመጣል፤ ኮምፔርሳቶ ከሆነ የቬኒሩ ክር ከኮምፔርሳቶው የላይኛው ገጽ ክር ጋር መስቀለኛ መሆን አለበት፣ አብሮ ከሄደ ላይ ላዩን ስንጥቅ ያወጣል። ቺፑድ ለአጭር በር ይሆናል። ወጥ የዋንዛ ወይም የዝግባ ጣውላ አጣብቆ በላዩ ቬኒር መለጠፍ ግን በጭራሽ፣ ያማረ ወጥ እንጨት ካላችሁ ፍሬም ሰርታችሁ መሃሉን ፓኔል ሳታጣብቁ ቦይ ውስጥ አስገቡት፣ እንደልቡ ይተንፍስ።

ቦርዱንም ቬኒሩንም እንዳመጣችሁ አትቁረጡ። በሩ የሚሰራበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አብረው ይደሩ። ርካሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ጥሩ ነው፣ የኔ ሱቅ ውስጥ አንድ አለች፣ ሰዓት መስላቸው ስንት ሰዓት ነው ብለው የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ።

ጀርባውም ቬኒር ይልበስ

ይሄን ደንበኛ ሲሰማ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ይከራከራል፣ ይጨምራልም። ግን ጀርባው የግድ ውድ ቬኒር አይሁን። ፊቱ ዋንዛ ወይም ኦክ ከሆነ ጀርባው ርካሽ ሌላ እንጨት መሆን ይችላል፣ ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ ውፍረቱ አንድ ይሁን (ገበያ ላይ ያለው ብዙው 0.5 ወይም 0.6 ሚሊ ነው)፣ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ ፊቱ ቁልቁል ከሆነ ጀርባውም ቁልቁል፣ ጥንካሬውም በጣም የማይራራቅ ይሁን። ፊቱ 0.6 ሆኖ ጀርባው የፕላስቲክ ላሚኔት ከሆነ ለየት ያለ ባህሪ ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸውና ነፋስ የሚገባበትን ቀን መጠበቅ ነው።

ጠርዙን ደግሞ ቦርዱ ቬኒር ለብሶ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ በጠባብ ወጥ እንጨት ሸፍኑት፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ የሆነ። አራቱንም ጎን! የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ አይታይም ተብሎ ራቁቱን የሚቀር በር ስንት አለ መሰላችሁ፣ እቃ ማጠቢያው ስር ያለ ካቢኔት ታችኛው ጠርዙ ሲነፋ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው።

ማጣበቅ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ ምክንያቱም ግማሹ በር የሚበላሸው እዚህ ነው።

ነጩ የእንጨት ኮላ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ስትቀቡት ቬኒሩ ውሃውን ጠጥቶ በወርዱ ያብጣል፣ ያበጠ እንደሆነ ይጣበቃል፣ ከዛ ሲደርቅ ሊሰበሰብ ይፈልጋል ግን ተይዟል፣ ስለዚህ ቦርዱን ይዞ ይጎትታል። በአንድ ፊት ብቻ ለጥፋችሁ ያሳደራችሁት ቦርድ ጠዋት እንደ ቦይ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው፣ ሆዱ ሁሌም ቬኒር በሌለበት በኩል ነው። ዛሬ ፊቱን ነገ ጀርባውን እለጥፋለሁ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም ፊት ባንድ ጊዜ ፕሬስ ይግባ።

ማስቲሽ (ሁለቱም ፊት ተቀብቶ የሚጣበቀው ቢጫ ማጣበቂያ) ውሃ የለውም አይደል፣ ለምን በሱ አንለጥፍም የሚል አይጠፋም። ለላሚኔት ይሆናል። ለእንጨት ቬኒር ግን ማስቲሽ እንደ ማስቲካ ነው፣ ደርቆም አይጠነክርም፣ ቬኒሩ በየወቅቱ እያበጠና እየተሰበሰበ ሲሄድ አብሮት ይሳባል፣ በዓመት በሁለት ዓመት ኩርፊያ የመሰለ እብጠት ያወጣል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በሩን ከሚፈለገው ልክ በየጎኑ አንድ ሴንቲ አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ ቬኒሩንም እንደዛው። ሁለት ወፍራም ሜዳ ቦርድ አዘጋጁ፣ መጫኛ የሚሆን፣ ከበሩ ትንሽ የሚበልጥ፣ ሜዳነቱን በቱቦላሬ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም በሩ የሚወስደው ቅርጽ የመጫኛውን ነው፤ መጫኛው ጎባጣ ከሆነ ጎባጣ በር ጋግራችሁ ነው የምታወጡት። ኮላውን ቦርዱ ላይ ብቻ ቀቡ፣ ቬኒሩ ላይ አይደለም፣ በሩሎ በስሱና በእኩል። መጠኑ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም ነው፣ ማለትም ለ40 በ70 ሴንቲ በር በአንድ ፊት ከ40 እስከ 55 ግራም አካባቢ፣ አንዲት የቡና ስኒ እንኳ የማትሞላ። ብዙ ሰው ኮላ ሲበዛ ይጠነክራል ይላል፣ ሲበዛ የሚበዛው ውሃው ነው። አንዱን ፊት ቀብታችሁ ቬኒር አልብሳችሁ ገልብጡ፣ ሌላውን ቀቡ አልብሱ፣ ፈጠን በሉ፣ በደረቅ ወቅት ኮላው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መድረቅ ይጀምራል። ኮላ ሾልኮ ከመጫኛው ጋር እንዳይጣበቅ ስስ ላስቲክ አንጥፉ፣ ከላይም ከታችም። በአንዱ በኩል ላስቲክ በሌላው በኩል ጋዜጣ ያነጠፈ ልጅ ነበረኝ፣ ጋዜጣው ውሃውን ጠጣ፣ ላስቲኩ አስቀረ፣ በሩ ጎበጠ፣ እሱም እኔም ምክንያቱን ለማወቅ ሳምንት ፈጀብን።

አሁን መጫን። ፕሬስ ያለው ተገላገለ፣ የሌለው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ይከምርበታል። አስሉት እስኪ፦ ለቬኒር ጥሩ ጫና በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ ገደማ ነው፣ 40 በ70 በር 2,800 ካሬ ሴንቲ ነው፣ ስለዚህ ወደ 2 ቶን ይፈልጋል፣ በ50 ኪሎው ከረጢት 40 ሲሚንቶ መሆኑ ነው። አምስት ከረጢት ጭናችሁ ያው ይበቃል ካላችሁ ከሚያስፈልገው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው የጫናችሁት። ጠንካራ ሞርሳ (በጠመዝማዛ የሚጠብቅ መያዣ ብረት) ግን አንዱ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ይጫናል፣ ከስምንት እስከ አስር ሞርሳ ካላችሁ ፕሬስ አላችሁ። ችግሩ ሞርሳ ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚይዘው፣ መሃሉ ይቀራል፣ መፍትሄው ደግሞ ቀላል ነው፦ ከመጫኛው በላይና በታች አግድም የሚሄዱ ወፍራም መረባዎች (ረጃጅም የጣውላ ዘንጎች) አድርጉ፣ መረባዎቹን አንድ ፊታቸውን በመላጊያ ጫፍና ጫፋቸውን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ዝቅ አድርጉት፣ መሃላቸው ትንሽ ሆድ ያውጣ፣ ሆዱን ወደ በሩ አዙሩት። ጫፉ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጫነው መሃሉ ይሆናል፣ ኮላውም አየሩም ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ማጥበቅም ከመሃሉ መረባ ጀምራችሁ ወደ ጫፍ።

የቫክዩም ከረጢት (ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ የሚወጣ የላስቲክ መጫኛ) የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ ከረጢቱን የሚጫነው የአየሩ ክብደት ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀላል። በቂ ነው፣ ግን ከውጭ ቪዲዮ ላይ የምታዩትን ያህል ጫና አትጠብቁ።

ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጭኖ ይቆይ፣ እኔ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስታወጡት ወዲያው ጠረጴዛ ላይ አታስተኙት፣ ወዲያው ብርጭቆ ወረቀትም አይነካው፣ ውስጡ ገና የኮላው ውሃ አለ። በቀጫጭን ጣውላ ላይ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከዛ ነው በልኩ መቁረጥና መወልወል፣ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀጥሎ በ220፣ ቬኒሩ ግማሽ ሚሊ መሆኑን እያሰባችሁ። ማሽን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ስልክ ያወራ ሰው ኤምዲኤፉን ያገኘዋል።

ቫርኒሽ

ፊቱ ስንት እጅ ከጠጣ ጀርባው ያንኑ ይጠጣ። ሲለሩም (ከቫርኒሹ በፊት የሚቀባው) ቫርኒሹም፣ በአንድ ዓይነት፣ በዚያው ቀን። ቫርኒሽ እርጥበትን ጨርሶ አይከለክልም፣ ያዘገየዋል ብቻ፣ ፊቱ አራት እጅ ጀርባው አንድ እጅ ከሆነ ፊቱ ቀስ ብሎ ጀርባው ፈጥኖ ይደርቃል፣ እና የኔን የሐምሌ በር ታሪክ ደገማችሁት ማለት ነው። የታችና የላይ ጠርዝ ተጨማሪ አንድ እጅ ቢያገኝ አይጠላም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የማጠፊያውን ቀዳዳ ነው። የተደበቀው ማጠፊያ 35 ሚሊ ስፋት 12 ሚሊ ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ማለትም 18 ሚሊው ቦርድ ላይ 6 ሚሊ ብቻ ነው የሚተርፈው፣ ውስጡ ደግሞ ራቁት ኤምዲኤፍ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱንም የእጀታውንም ቀዳዳ ቫርኒሽ ከመነፋቱ በፊት ብሱት፣ ብሩሽ ነክራችሁ ውስጡን ቀቡት። ይሄ በአንድ በር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስቀመጥና ማጓጓዝ

ያለቀ በር ግድግዳ ላይ አታስደግፉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስተኙ። አንድ በር ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አይደር፣ ላይኛው ፊት ይደርቃል ታችኛው አይደርቅም። ሜዳ ቦታ ላይ ሦስት ወይም አራት እኩል ውፍረት ያላቸው መረባዎች አድርጉና በሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ፣ በየመሃላቸው እኩል ቀጫጭን ጣውላ፣ ጣውላዎቹ ከላይ እስከ ታች አንዱ በሌላው ትይዩ፣ ከላይኛው በር በላይ ደግሞ አንድ የማይፈለግ ቦርድ ክዳን አድርጉለት።

በአይሱዙ ስትጭኑ ከላይ ሸራ ይኑር፣ በአንድ ፊት ፀሐይ እየመታው ከአዲስ አበባ አዳማ የሚሄድ በር በመንገድ ላይ ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር የሚላክ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ የተሰራውን በር ቢያንስ ሳምንት ሱቃችሁ ውስጥ በደንብ አድርቃችሁ ላኩ፣ እዛም ሲደርስ ከመገጠሙ በፊት ተፈትቶ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይደር።

ከሁሉ በላይ ግን አዲስ ቤት! ደንበኛ ለበዓል ልግባ ብሎ ይጣደፋል፣ ልስኑ ገና አልደረቀም፣ ወለሉ ትናንት ፈሷል፣ ኮርኒሱ ጀሶ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቤቱ እንደ ሻወር ቤት ነው። እዛ ውስጥ ካቢኔት መግጠም የሚያስጠይቀው ግንበኛውን አይደለም፣ እናንተን ነው። ውሃው ሲደርቅ በውስጡ የተቀመጠው በር ሁሉ አብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቀለም ከተቀባና ከደረቀ በኋላ እገጥማለሁ በሉ፣ ውል ላይም ጻፉት።

ማጠፊያው ራሱ በሩን ይይዘዋል

ጥሩ ማጠፊያ የጎበጠውን በር ቀጥ ያደርገዋል ባይባልም ያግዛል። ወርዱ እስከ 60 ሴንቲ ለሆነ በር እኔ የምጠቀመው እንዲህ ነው፦ እስከ 90 ሴንቲ ቁመት ሁለት፣ እስከ 1.60 ሦስት፣ እስከ 2 ሜትር አራት፣ እስከ 2.40 አምስት። ደንበኛ አንድ ማጠፊያ ቀንሱልኝ ካለ አትቀንሱ። በማጠፊያው በኩል ያለው ጎን ተይዟል፣ በእጀታው በኩል ያለው ነው ነፃው፣ ስለዚህ 2 ሜትር ለሚያልፍ በር ጀርባው ላይ ቦይ ተቆፍሮ የሚገባ የብረት ማስተካከያ ዘንግ አለ፣ በስክሩ ስታጠብቁት በሩን መልሶ ያቀናል፣ በር ላይ ከመጀመሪያው ካስገባችሁት ወደፊት ብታፈሩ እንኳ ጠምዝዛችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ካልተገኘ ወይም ውድ ከሆነ 22 ወይም 25 ሚሊ ቦርድ ተጠቀሙ፣ ውፍረት ጉብጠትን ይቀንሳል፣ ክብደቱን ግን ማጠፊያው ይሸከም እንደሆን አስቡ። ወይም ቁምሳጥኑን ከላይና ከታች ለሁለት ክፈሉት፣ ለእኔ የሚጥመኝ ይሄ ነው፣ ደንበኛውን ማሳመን ነው ችግሩ።

ኪችን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ

ይሄ ለባለቤቶቹ ነው። ምጣዱን ከላይኛው ካቢኔት ስር አድርጋችሁ እንጀራ አትጋግሩ፣ እንፋሎቱ በቀጥታ የበሩን ታችኛ ጠርዝ ነው የሚመታው፣ ሽሮ ሲንተከተክም ያው ነው፣ መስኮት ክፈቱ ወይም መምጠጫ ይኑር። ውሃ የሚንጠባጠብ ጨርቅ ሳይሆን ተጨምቆ የደረቀ ጨርቅ ተጠቀሙ፣ ወዲያውም በደረቅ ተከታተሉት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው በር ካለ መጋረጃ አድርጉለት። ቅባት ወይም ዘይት መወልወል የሚወዱ እናቶች አሉ፣ ቫርኒሽ ያለበት በር አያስፈልገውም፣ የግድ ካላችሁም ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም።

ከጎበጠ በኋላ

መጀመሪያ ለኩ። ጉብጠት ከሆነ ቱቦላሬ በቁመቱና በወርዱ አስደግፋችሁ ክፍተቱን እዩ። መጠምዘዝ ከሆነ ሁለት ሲባጎ ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀለኛ ወጥሩ፣ መሃል ላይ ሲገናኙ ለስለስ ብለው ከተነካኩ ሜዳ ነው፣ በመሃላቸው ክፍተት ካለ ክፍተቱን በሁለት አባዙት፣ አንዱ ጥግ ያን ያህል ወጥቷል ማለት ነው። ሲባጎዎቹ ከተጫጫኑ ደግሞ ላይኛውን ወደ ታች ቀይራችሁ ድገሙት።

ትንሽ ጠመዝማዛ በማጠፊያ ይደበቃል። በእጀታው በኩል የላይኛው ጥግ 4 ሚሊ ከወጣ የታችኛውን ማጠፊያ በጥልቀት ስክሩ 2 ሚሊ ወደ ውጭ አውጡት፣ 4 ሚሊው ለሁለቱ ጎን ይካፈላል፣ ዓይን 2 ሚሊን ይቅር ይላል። ይሄ ማከም ሳይሆን ማስመሰል ነው፣ ግን ደንበኛ ፊት ለፊት በአምስት ደቂቃ የሚሰራ ስለሆነ እንዳትንቁት።

ጉብጠት ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ። ጀርባው ቫርኒሽ አንሶት ከሆነና ወቅቱ ደረቅ ከሆነ፣ በሩን አውልቃችሁ የተሰበሰበውን ማለትም ጎድጓዳውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ለዘብ ያለ እርጥበት ስጡት፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ መረባ ላይ አሳርፋችሁ መሃሉን ከቀጥታ ትንሽ እስኪያልፍ በክብደት ተጫኑት፣ ቀናት ይፈጃል። ሲመለስ ጨርሶ ይድረቅ፣ ከዛ የጎደለውን ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ ጨምሩለት፣ ካልጨመራችሁለት በሚቀጥለው ወቅት ይመለሳል። ጀርባው ቬኒር የሌለው ከሆነ ደግሞ አጽድታችሁ ቬኒር አልብሱት፣ ሜዳ መጫኛ መሃል አድርጋችሁ በደንብ ጫኑት፣ ሁሌ አይሳካም፣ ግማሽ ግማሹ ይሳካል።

እምቢ ያለ ረጅም በር ሲያጋጥማችሁ ግን አትጣሉት። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፣ ቁመቱ አንድ ሦስተኛ ሲሆን ጉብጠቱ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ያኔ የተመለሱብኝን አራት በሮች እያንዳንዳቸውን ለሦስት ቆረጥኳቸው፣ የ7 ሚሊው ጉብጠት ከአንድ ሚሊ በታች ወረደ፣ ጀርባቸውን አልብሼ ጠርዛቸውን ዘጋሁ። አስራ ሁለት የመሳቢያ ፊት ወጣቸው፣ ስምንቱ ተሸጠ፣ አራቱ ቤቴ ኪችን ውስጥ ከምድጃው ማዶ አሉ፣ ባለቤቴ ማንኪያ ታስቀምጥባቸዋለች።